አሮጌ ታንክ ገዝቶ ማደስ፦ ሁሉም ስለ መድፉ ይጠይቃል፣ ጣጣው ያለው ግን ሰንሰለቱ ላይ ነው

ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን አንዱ ጓደኛችን ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየን። አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ግቢው ውስጥ የቆመ ታንክ አስነስቶ፣ ጥቁር ጭስ ቡልቅ አድርጎ፣ የልጅ ልጆቹን ላዩ ላይ ደርድሮ ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል። "ይሄ በኤአይ የተሰራ ነው" አለ አንዱ። ሌላው "አይ ፈረንጅ ምን ይሳነዋል" አለ፣ ከዛ ክርክሩ ተጀመረ፦ ግለሰብ ታንክ መግዛት ይችላል ወይ፣ መድፉ ይተኩሳል ወይ፣ በየትኛው መንጃ ፍቃድ ነው የሚነዳው፣ እዚህ አንድ ሰው ቢያመጣስ ምናምን። ቡናው አለቀ፣ ክርክሩ ግን አላለቀም።

ነገሩ የኤአይ ስራ አይደለም። እንግሊዝና አሜሪካ አሮጌ የጦር ተሽከርካሪ ገዝተው ቅዳሜና እሁድ እጃቸውን በግሪስ ለውሰው የሚውሉ ብዙ ሰዎች አሉ፣ አሮጌ ቮልስ እንደሚያድሱት የኛ ሰዎች ማለት ነው። ልዩነቱ ቮልሷ አንድ ቶን እንኳን አትሞላም፣ የነሱ ደግሞ ከ4 ቶን እስከ 40 ቶን ይደርሳል። እኔ ወታደር አይደለሁም፣ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ማሽን ሲፈታ ቆሞ ማየትና ስለ ማሽን ማንበብ የምወድ ሰው ስለሆንኩ የማውቀውን በቀላል ቋንቋ ልጻፈው።

ለመሆኑ ባለ ሰንሰለት ሁሉ ታንክ ነው እንዴ?

አይደለም። ዛሬ ታንክ የሚባለው ሶስት ነገር ሲያሟላ ነው፦ ወፍራም ብረት የለበሰ፣ በሰንሰለት የሚሄድ፣ እና ላዩ ላይ የሚዞር መድፍ ያለው። ወታደር ለማመላለስ የተሰራው፣ ሳጥን የሚመስለው ደግሞ ብረት ለበስ ነው፣ ለምሳሌ የአሜሪካው ኤም 113። ከሱ ያነሱም አሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ጦር ይጠቀምበት የነበረው ዩኒቨርሳል ካሪየር ወደ 4 ቶን ገደማ ነው፣ ጣራ የለውም፣ ውስጡ ያለው የፎርድ ቪ8 የመኪና ሞተር ነው፣ እና ከ100 ሺህ በላይ ስለተመረተ እስካሁን በየገበሬው መጋዘን ይገኛል። "ታንክ አለኝ" ከሚሉት ሰዎች አብዛኞቹ ያላቸው እንዲህ አይነቱ ነው፣ ወይ ደግሞ ኤፍቪ 432 የሚባለው የእንግሊዝ ብረት ለበስ። እውነተኛ ታንክ ያለው ሰው ጥቂት ነው፣ ለምን እንደሆነ ወደታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

ስሙ ራሱ ቀልድ ነው። እንግሊዞች በ1915 እ.ኤ.አ. ማሽኑን በድብቅ ሲሰሩ ሰው እንዳያውቅባቸው የውሃ ማጠራቀሚያ ነው ብለው አስወሩ፣ "ታንክ" የሚለው ስምም በዛው ቀረ። መጀመሪያ ጦርነት ላይ የዋለው ፈረንሳይ ውስጥ መስከረም 1909 ዓ.ም ነው። እና ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጣራችን ላይ የሰቀልነው ሮቶና ያ መድፍ የተሸከመው ጉድ በስም ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው። ሰንሰለቱም ቢሆን የወታደር ፈጠራ አይደለም፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለስላሳ የእርሻ መሬት ላይ እየሰመጠ ላስቸገረ ትራክተር ነው ቀድሞ የተሰራው። ይሄን ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ሰንሰለቱ ምን ይጠቅማል? ጎማ አይበቃም ነበር?

ክረምት ላይ ሰፈር ውስጥ ውሃው ሲተኛ ሰው ምን ያደርጋል? ጭቃው ላይ ጣውላ ጣል አድርጎ በሱ ላይ ይሻገራል። ጣውላው ክብደቱን ስለሚዘረጋው እግር አይሰምጥም። አሁን ሁለት ጣውላ አላችሁ እንበል፣ አንዱ ላይ ቆማችሁ ሌላውን ከፊት ታነጥፋላችሁ፣ ከዛ የኋላውን አንስታችሁ ደግሞ ከፊት። ሰንሰለት ማለት ይሄ ነው በቃ። ማሽኑ የራሱን መንገድ ከፊት እያነጠፈ፣ ከኋላ እያነሳ ይሄዳል፤ ጎማ የሚመስሉት መሃል ላይ የተደረደሩት ክቦች የሚሽከረከሩት መሬት ላይ ሳይሆን ራሱ ባነጠፈው ብረት ላይ ነው።

ሰው የሚገርመው ቁጥሩ ነው። ቲ-55 የሚባለው የሶቪየት ታንክ 36 ቶን ይመዝናል፣ ግን በየካሬ ሴንቲሜትሩ መሬቱን የሚጫነው 0.81 ኪሎ አካባቢ ብቻ ነው። ጎሚስታ ቤት ሄዳችሁ ጎማችሁን 30 ብላችሁ ስታስሞሉ ያ ማለት መኪናችሁ በየካሬ ሴንቲሜትሩ ወደ 2 ኪሎ ገደማ መሬቱን ትጫናለች ማለት ነው። ስለዚህ ታንኩ ከቪትዝ ይልቅ መሬቱን የሚረግጠው በቀስታ ነው። መጀመሪያ ሳነበው ተሳስተው ነው ብዬ በካልኩሌተር አሰላሁት፣ ልክ ነው፣ ሰንሰለቱ 58 ሳንቲ ስፋት ኖሮት ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ ርዝመቱ ሁልጊዜ መሬት ላይ ተኝቷል።

እንደዛ ከሆነ አስፋልት ለምን ያበላሻል?

ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሳይሆን ሲታጠፍ ነው የሚያበላሸው። መኪና የፊት ጎማዋን አዙራ ትታጠፋለች። ሰንሰለት ግን ወደ ጎን አይዞርም፣ ስለዚህ ያለው ዘዴ አንዱን ጎን ማዘግየት ወይም መያዝ ነው። መርካቶ ጋሪ ሲገፉ አይታችሁ ከሆነ፣ አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲይዘው ጋሪው በራሱ ወደዛ ጎን ይዞራል አይደል? ታንክ ሾፌርም መሪ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዘንግ ነው የሚይዘው፣ የግራውን ሲጎትት የግራው ሰንሰለት ይዘገያል ወይ ይቆማል፣ ቀኙ መሄዱን ይቀጥላል፣ አፍንጫው ወደ ግራ ይዞራል። ችግሩ 4 ሜትር የሚሆን ብረት መሬት ላይ ተኝቶ ወደ ጎን ሲንሸራተት እንደ ሞረድ ነው የሚፍቀው፣ አስፋልቱን ገፎ ያነሳዋል። ግፊቱም ከአስፋልቱ አልፎ ወደ ራሱ ሰንሰለቱ ይመለሳል፣ ከባድ ኩርባ ላይ ሰንሰለት የሚወልቀው ለዛ ነው።

ስለዚህ መንገድ ላይ የሚነዱት ሰዎች ሰንሰለቱ ላይ የጎማ ጫማ ያደርጉለታል። በየአንዳንዱ የሰንሰለት ቁራጭ ላይ የምትታሰር ወፍራም ጎማ ናት፣ እንደ ጫማ ሶል ታልቃለች፣ ስታልቅ ትቀየራለች። አንዷ ብታልቅ ችግር የለም፣ ግን አንዷ ብቻ አትሆንም እኮ።

እና ሰንሰለቱ ነው ገንዘብ የሚበላው?

አዎ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ረጋ ብለን እንይ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ሞተሩ ላይ ሲያፈጥ ኪሱን የሚያራቁተው ከስር ያለው ነው።

የቲ-55ን ብንወስድ በአንድ ጎን 90 ገደማ የብረት ቁራጭ አለ፣ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር በፒን ተያይዟል። በአሮጌው አሰራር ፒኑ ቀዳዳው ውስጥ ደረቁን ነው የሚዞረው፣ ቅባት የለም፣ ጎማ የለም፣ አቧራና አሸዋ ግን አለ። ብረት በብረት ላይ አሸዋ መሃል ገብቶ ሲፋጭ ምን እንደሚሆን ወፍጮ ቤት የገባ ሰው ያውቃል። አሁን ሂሳቧን እዩ፦ እያንዳንዱ ቀዳዳና ፒን ተደምሮ አንድ ሚሊሜትር ብቻ ቢበላ፣ አንድ ሚሊ ማለት እኮ በዓይን የማይያዝ ነገር ነው፣ 90 ቦታ ሲደመር ሰንሰለቱ በ9 ሳንቲ ረዘመ። የረዘመ ሰንሰለት ይላላል፣ የላላ ሰንሰለት ይወልቃል። መጀመሪያ የፊቱን ወይ የኋላውን ክብ ወደ ውጪ ገፍተው ይወጥሩታል፣ ያ ሲያልቅ ደግሞ አንድ ቁራጭ አውጥተው ያሳጥሩታል፣ ያም ሲያልቅ ሙሉ ሰንሰለት ይቀየራል። ሰንሰለቱ ሲበላ ደግሞ ሰንሰለቱን የሚጎትተውን ባለ ጥርስ ክብ አብሮ ይበላዋል፣ ምክንያቱም ጥርሱ ከቀዳዳው ጋር አልገጥም ይላል። የብስክሌት ቼይን ለውጣችሁ ጥርሱን ሳትለውጡ ሞክራችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ።

በኋላ የመጡት ፒኑን ጎማ ውስጥ ከተው ነው የሚያሰሩት፣ ጎማው ይጠመዘዛል እንጂ ብረቱ አይፋጭም። ጎበዝ ዘዴ ነው፣ ዕድሜውን በጣም ያረዝመዋል። ግን አሮጌ ለሚሰበስብ ሰው ሌላ ጣጣ ነው፣ ጎማ ሳይሰራም ያረጃል፣ ሰላሳ አርባ ዓመት ፀሐይ ላይ የቆመ ጎማ ሲነኩት ይፈረፈራል። ማለትም ማሽኑ አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ሰንሰለቱ "አልቋል"።

ኤም 113 ላይ አንድ የምወዳት ነገር አለች። በግራ በኩል 63 ቁራጭ፣ በቀኝ በኩል 64 ነው ያለው። ስህተት አይደለም። ከስር ያሉት ክቦች በባሌስትራ አይደለም የተንጠለጠሉት፣ ቶርሽን ባር በሚባል ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው ጎን በተዘረጋ የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉ ይጠመዘዛል፣ ልክ ነጠላ አጥባችሁ ስትጨምቁት ወደ ነበረበት ሊመለስ እንደሚታገለው፣ ያ መመለሱ ነው ስፕሪንግ የሚሆነው። የግራውና የቀኙ ዘንግ አንድ ቦታ ላይ መተኛት ስለማይችሉ አንዱ ከአንዱ ቀደም ይላል፣ ክቦቹም አብረው ይቀድማሉ፣ ስለዚህ አንዱ ሰንሰለት በአንድ ቁራጭ ይረዝማል። አንድ ሰው ሳያውቅ ሁለቱንም 63 አድርጎ ቢገጥም አንደኛው ጎን አልደርስ ይለዋል፣ ቀኑን ሙሉ ሲታገል ይውላል።

መታገል ስል ደግሞ በቀልድ አይደለም። የቲ-55 የአንድ ጎን ሰንሰለት ከአንድ ቶን በላይ ነው። መሬት ላይ ትዘረጋዋለህ፣ ማሽኑን ላዩ ላይ ትነዳለህ፣ ጫፉን በሽቦ ገመድ አስረህ በባለ ጥርሱ ክብ ላይ ትስበዋለህ፣ ከዛ ሁለቱን ጫፍ አጋጥመህ ፒኑን በመዶሻ። ጣት የሚቆረጥበት ቦታ ይሄ ነው። አንድ ሰው ብቻውን የሚሰራው ስራ አይደለም፣ ለዛ ነው ፈረንጆቹ ጎረቤትና ዘመድ ጠርተው፣ ምሳ አብልተው፣ እንደ ደቦ የሚሰሩት።

ሞተሩስ? መለዋወጫ ከየት ይመጣል?

ሞተሩ እንደሚፈራው አይደለም። ብዙዎቹ የጥንት ማሽኖች የመኪና ሞተር ነው የተገጠመላቸው፣ ጦርነት ጊዜ ፋብሪካው ያለውን ነዋ የሚሰጠው። ኤም 24 የሚባለው የአሜሪካ ቀላል ታንክ ሁለት የካዲላክ ቪ8 ሞተር ጎን ለጎን ነው ያለው። ሸርማን ከሚባለው ታንክ አንደኛው አይነት ደግሞ አምስት የክራይስለር የመኪና ሞተር አንድ ላይ ታስሮለት ነበር፣ 30 ሲሊንደር፣ 30 ካንዴላ፣ አስቡት እስቲ ካንዴላ ሲቀየር። ቲ-55 ግን የራሱ ነው፣ 38.8 ሊትር ባለ 12 ሲሊንደር ናፍጣ፣ 580 የፈረስ ጉልበት፣ እና በባትሪ አልነሳ ሲል በታመቀ አየር የሚነሳበት ጠርሙስ አለው። መንገድ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 190 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል። ማደያ ወረፋ ላይ ከኋላው መቆምን ያስቡት።

አሮጌ ሞተር ሲገኝ ትልቁ ስህተት ሞተሪኖ ሰጥቶ ማስነሳት መሞከር ነው፣ ይሄ ለታንክም ለአሮጌ መርቸዲስም አንድ ነው። ለዓመታት የቆመ ሞተር ፋሻው፣ የፒስተኑ ቀለበት ማለት ነው፣ ሲሊንደሩ ላይ በዝገት ተጣብቋል። በጉልበት ሲያዞሩት ፋሻው ይሰበራል፣ ሲሊንደሩ ይጫራል፣ አለቀ። አዋቂዎቹ ካንዴላውን ወይ ኖዝሉን ፈተው በቀዳዳው ዘይት ያንጠባጥቡና ቀናት፣ አንዳንዴ ሳምንታት ይተውታል። ከዛ በእጅ፣ በረጅም ቺያቬ፣ ትንሽ ወደዚህ ትንሽ ወደዚያ። ሲዞር ደግሞ ዘይቱ በሙሉ ይቀየራል፣ የናፍጣ ታንኩ ወርዶ ይታጠባል፣ ጎሚኒና ጓርኒሲዮን የሚባል ነገር ሁሉ ይለወጣል፣ ፍሪሲዮን ተጣብቆ ከሆነ ካምቢዮው ይወርዳል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ደግሞ ባይነካ ይሻላል ብላችሁ የምትተዉት ነገር አይደለም፣ ልባሱ ተሰነጣጥቆ እሳት የሚነሳው ከሱ ነው።

መለዋወጫው ላይ ዕድሉ እንደ አይነቱ ነው። ኤም 113ና ዘመዶቹ በዓለም ላይ ከ80 ሺህ በላይ ስለተመረቱ፣ ብዙ ጦሮችም እስካሁን ስለሚጠቀሙበት ዕቃው አለ። ጥቂት የተሰራ ማሽን ያለው ሰው ግን ቶርኖ ቤት ነው የሚኖረው። እዚህም ቢሆን ያው ነው፣ ሶማሌ ተራ ያጣችሁትን ዕቃ ተክለሃይማኖት አካባቢ ያለ ቶርኖ ቤት ናሙናውን አይቶ ይቀርጽላችኋል። ሰንሰለት ላይ ግን ቶርኖውም ይቸገራል፣ የሶቪየቶቹ ሰንሰለት ማንጋኒዝ የበዛበት ብረት ነው፣ እየተመታ ይበልጥ የሚጠነክር፣ መብሻውን እየበላ የሚያስቸግር። የማሽኑ ገላም ተራ ላሜራ አይደለም፣ ሳይሞቅ በተራ ኤሌክትሮድ ከበየዱት ሲቀዘቅዝ ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል።

ውስጡ ምን ሊኖር ይችላል?

በ2017 እ.ኤ.አ. አንድ እንግሊዛዊ ሰብሳቢ ቻይና ሰራሽ ታንክ፣ ከኢራቅ ጦር የነበረ ይባላል፣ በ30 ሺህ ፓውንድ ግምት ቀየረ። ሲፈትሹት የጥይት ነገር አገኙ፣ ከዛ የናፍጣ ታንኩን ሲከፍቱ መሳሪያ ይኖር ይሆናል ብለው ለፖሊስ ማስረጃ እንዲሆን ቪዲዮ እየቀረጹ ነበር፣ የወጣው ግን አምስት ጥፍጥፍ ወርቅ ነው። እስከ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ሊያወጣ ይችላል ተባለ፣ ለፖሊስ አስረከቡት። ይሄ ታሪክ ከተወራ በኋላ ሰው ሁሉ ታንክ ሲያይ ወርቅ ነው የሚታየው።

እውነቱን ለመናገር ውስጡ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። የድሮ ፍሬን ሸራና ጓርኒሲዮን ውስጥ አስቤስቶስ አለ፣ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከዓመታት በኋላ ካንሰር የሚያመጣ። በማታ እንዲያበሩ የተቀቡ የድሮ ዳሽቦርድ ሰዓቶች ላይ ራዲየም አለ፣ ማብራቱ ቢጠፋ እንኳን ጨረሩ አልጠፋም፣ መስታወቱን ከፍቶ በጨርቅ መወልወል ራስን መመረዝ ነው። ቀለሙ ሊድ አለበት። ከወንበር ስር የተረሳ ጥይት ወይ ፈንጂ ደግሞ የመጀመሪያው መፈተሽ ያለበት ነገር ነው፣ ከሞተሩ በፊት።

መድፉ ይተኩሳል? ህጉ ምን ይላል?

በብዙ ቦታ አይተኩስም። አፈሙዙ ይቦረቦራል ወይ ይቆረጣል፣ ጥይት የሚጎርስበት ክፍል በብየዳ ይዘጋል፣ ከዛ በኋላ መድፍ የሚመስል ቱቦ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ይሄ ከተደረገ ማሽኑ በህግ ፊት ትልቅ ተሽከርካሪ ነው፣ ለሱ የሚሆን ምድብ ኤች የሚባል መንጃ ፍቃድ አለ፣ የጎማ ጫማ ካደረገና ሌላውን ካሟላ መንገድ ላይ ይወጣል። አሜሪካ ደግሞ መድፉን ሳያጠፉ መያዝም ይቻላል፣ ግን በፌደራል መንግስት ተመዝግቦ 200 ዶላር ግብር ተከፍሎበት ነው፣ ፈንጂ ያለባት እያንዳንዷ ጥይትም ለብቻዋ እንደዛው ትመዘገባለች።

ጀርመን ጋ ስትመጡ ቀልድ የለም። በ2015 እ.ኤ.አ. ሃይከንዶርፍ በምትባል ከተማ የአንድ አዛውንት ቤት ምድር ቤት ውስጥ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፓንተር ታንክ ተገኘ፣ ለማውጣት 20 የሚሆኑ ወታደሮች ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ፈጀባቸው። በ2021 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት 14 ወር እስራት በገደብ ፈረደባቸው፣ 250 ሺህ ዩሮ እንዲከፍሉም ወሰነ። ለዓመታት ቤታቸው ሲያስቀምጡት ጎረቤት ሁሉ ያውቅ ነበር ይባላል።

ሙዚየሞችም ይነዱታል፣ ግን በስስት። እንግሊዝ ቦቪንግተን ያለው የታንክ ሙዚየም ውስጥ ታይገር 131 የሚባል አለ፣ ቱኒዚያ ውስጥ በ1943 እ.ኤ.አ. የተማረከ፣ ከዛ አይነት በዓለም ላይ የሚነሳ እሱ ብቻ ነው። በዓመት አንዴ ሁለቴ ነው ሰው ፊት የሚወጣው። እያንዳንዱ ጉዞ የማይተካ ብረት ይበላል፣ የማይነሳ ማሽን ደግሞ ውስጡ ይደርቃል፣ ሁለቱም ኪሳራ ነው፣ እዛ ቤት ያሉ ሰዎች ራሳቸው በዚህ ሲከራከሩ ይኖራሉ።

እዚህስ? አንድ ሰው አዲስ አበባ ላይ ታንክ ሊኖረው ይችላል?

አጭሩ መልስ አይችልም ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ ግለሰብ በፍቃድ የሚይዘው ሽጉጥና ጠብመንጃ አይነቱን ነው፣ ታንክ እዛ ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም። መድፉን ቆርጬ አመጣዋለሁ የሚል ካለ ደግሞ ጉምሩክ ይጠብቀዋል፣ ያረጀ ተሽከርካሪ ላይ ከባድ ኤክሳይዝ አለ፣ ከ2016 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሰራ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። ኤሌክትሪክ ታንክ ካለ ይፈለግ።

ታንክ ለዚህ ሀገር እንግዳ ሆኖ ግን አይደለም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም፣ የራስ እምሩ ጦር ደምበጉዒና ላይ የጣሊያንን ኤል 3 ትንንሽ ታንኮች በእጁ ነው ያስቀራቸው። ኤል 3 ወደ 3 ቶን ገደማ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ መትረየሱ ወደፊት ብቻ የሚያይ ማሽን ነበር፣ ከኋላ የመጣን ሰው ማየትም መተኮስም አይችልም፣ አርበኛው ይሄን ቶሎ ነቃበት። በ1945 ዓ.ም ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ኤም 24፣ ኤም 41፣ ኤም 113 መጡ። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም በነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግስት ጊዜ ስድስት ኪሎ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ በሆነው ገነተ ልዑል ቤተ መንግስት ላይ ታንክ ነው የዘመተው። ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ ደግሞ ሶቪየት ሰራሾቹ ገቡ፣ ቸርችል ላይ ያለው የትግላችን ሐውልት የቆመው ለዛ ጦርነት ነው። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም ታንክ በየመንገዱ ሲያልፍ በመስኮት ያየ ሰው ዛሬም በየቤቱ አለ፣ እናቴ ስለ ድምፁ ስታወራ አስፋልቱን ሳይሆን የቁም ሳጥኑን ብርጭቆ ነው የምታነሳው፣ ሲንቀጠቀጥ።

ይሄ ሁሉ መጥቶ የት ገባ ብትሉ፣ ያልተጠገነው ብረት ነው፣ ብረት ደግሞ ይቀልጣል። ቁራሌው የሚጠራው ለጠርሙስ ብቻ አይደለም። የተበላሸ ማሽን የሚተርፈው ወይ ጦሩ ሲያስቀምጠው ወይ ሰው ርቆ ከሄደበት ቦታ ሲረሳው ነው።

ግን ሰንሰለቱን በቅርብ ማየት ከፈለጋችሁ ሙዚየም አያስፈልግም። ካዛንቺስ ይሁን ለገሃር አካባቢ መሰረት የሚቆፈርበት ሳይት አጠገብ ቁሙና በአጥሩ ቀዳዳ ስካቫተሩን እዩት። ያ የካሊፎርኒያው ትራክተር ልጅ ነው፣ የታንክ ደግሞ ወንድም። ባለ ጥርሱ ክብ አለ፣ ከፊት ያለው መወጠሪያ ክብ አለ፣ ከስር የተደረደሩት ሮለሮች አሉ። ሲታጠፍ አንዱን ጎን ይዞ ነው፣ ከሳይት ወደ ሳይት ሲሄድ ደግሞ አስፋልቱን እንዳይገፍፍ በሎቤድ ተጭኖ፣ ብዙ ጊዜ በሌሊት።

አንድ ቀን እንደዛ ቆሜ ሳይ መካኒኩ የግሪስ ፖምፓ ይዞ ከሰንሰለቱ ጎን ያለች ትንሽ ቀዳዳ ላይ ሰክቶ ይነፋል፣ ሰንሰለቱ ቀስ እያለ ሲወጠር ይታያል። ምን እያደረግህ ነው አልኩት፣ "ላልቶ ነበር፣ ግሪሱ ነው የሚገፋው፣ ለማላላት ስትፈልግ ቡሎኑን ትከፍታለህ ይወጣል" አለኝ። ኤም 113 ሰንሰለቱ የሚወጠረው በዚሁ መንገድ ነው፣ በግሪስ። ያን ልነግረው ስጀምር ኦፕሬተሩ ሞተሩን አስነሳ፣ እሱም ፖምፓውን ይዞ ወደ ሌላኛው ጎን ዞረ።